ያልታመመችው በረኛ

የአዝመራ ኪሮስን ሞት የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከሰቆጣ፣ ከስፖርት መምህሯ ከመምህር ደሳለኝ በስልክ፤ በማግስቱ ደግሞ እኔ በምሠራበት ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ከተከፈተ ሬዲዮ። መምህር ደሳለኝ ያለኝ አጭር ነበር። «አዝመራ ዐርፋለች። ከአበርገሌ ስትመለስ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ነው።» ሐኪም በመሆኔ ይመስለኛል፣ ጉዳቱ የት ላይ እንደነበር ጠየቅሁት። «ደረቷ ላይ ነው አሉ። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ራሷ ላይ ጭረት እንኳ የለም» አለኝ።

ሬዲዮው ግን እንዲህ አለ፦ «ለብሔራዊ ቡድናችን በበርካታ ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች የተሰለፈችውና በደረሰባት የጭንቅላት ጉዳት ምክንያት ከሜዳ የራቀችው የቀድሞዋ ግብ ጠባቂ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች።» ዜናው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ሊግ ዞሩ።

በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሐሰት አለ። ሐሰቱን በጋዜጠኛው ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ጋዜጠኛው ግን መዝገብ ላይ ያገኘውን ነው ያነበበው። አዝመራ የጭንቅላት ጉዳት ደርሶባት አያውቅም። ደርሶባታል የሚለውን የሕክምና ማስረጃ የጻፍኩት፣ የፈረምኩትና ማኅተም ያሳረፍኩበት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሐዘን መግለጫ አይደለም። ሐዘናቸውን የገለጹ ሰዎች በቀብሯ ላይ በርካታ እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ከመካከላቸውም በሕይወት ሳለች ለምታሠለጥናቸው ልጆች አንድ ኳስ ያልሰጧት ይበዙ ነበር። እኔ ቃሌን ልሰጥ ነው።

እናቴ ሰቆጣ ውስጥ ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች ሦስት ጠባብ ክፍሎች ታከራይ ነበር። አዝመራ ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ከአበርገሌ ቆላ ወጥታ ከሦስቱ በአንዱ ስትገባ፣ እኔ የሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ በከተማው ሆስፒታል ተመድቤ ነበር። በዘጠኝ ዓመት እበልጣታለሁ። ከእሷ በፊት ለነበሩት ተከራዮች «ዶክተር» እና «እርስዎ» ብቻ ነበርኩ፤ ስሜን የሚያውቅ የነበረ አይመስለኝም። አዝመራ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ቦኖ ላይ ጀሪካን ይዘን ወረፋ ስንጠብቅ፣ «አንቺ፣ ጀሪካንሽን ወደዚህ አስጠጊው፤ ሊቀድሙሽ ነው» አለችኝ። እናቴ ይህን ሰምታ ቤት ስንደርስ ገሠጸቻት።

«ዶክተር እኮ ናት! እርስዎ በያት እንጂ።»

«አብሮ ውሃ የቀዳን ሰው እርስዎ አይሉም፣ እትዬ» አለች አዝመራ። «እርስዎ የሚባል የራቀ ነው።»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ አላረምኳትምም።

ቁመቷ ከእኩዮቿ በአንድ ራስ ይበልጥ ነበር። እጆቿ ትልልቅ ነበሩ፤ ሰው ሲያናግራት ከጀርባዋ ታቆላልፋቸዋለች። ቤቷ የሚነገረው ኽምጣና ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ቃል አታባክንም። የተጠየቀችውን ትመልሳለች፤ ከመለሰች በኋላ ዝም ትላለች። እኔን ግን ረጅም ዓመታት የተማርኩት ትምህርት ቃላትን በትክክል መደርደር አስችሎኛል። ይህ ችሎታ ለምን እንደዋለ ኋላ እናገራለሁ።

ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የማሽላ ጠባቂ ነበረች። ቆላው ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ በማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ጠባቂዋ ወንጭፍ ይዛ ከማማው ላይ ትውላለች፤ ወፉን፣ ዝንጀሮውን፣ የጎረቤትን ከብት ትመልሳለች። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የማላውቀውን የነገረችኝ ያው ቦኖ ላይ ነው።

«ከብት የሰው ማሳ የገባ እንደሆን ገማች ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አለችኝ። «ባለከብቱንም ባለማሳውንም ከመስማታቸው በፊት ጠባቂዋን ያቆሟታል። ሦስት ነገር ነው የሚጠይቋት። ከየት ገባ? ምን ያህል ገባ? አንቺ የት ነበርሽ? ሌላው ሰው ሁሉ ምሎ ነው የሚናገር። ጠባቂ ግን አትምልም።»

«ለምን አትምልም?»

«መሐላ የሚያስፈልጋት ከሆነች ማን ጠባቂ አረጋት?»

አሥር ዓመት ሲሆናት ውሃ ልትጠጣ ወርዳ የገዛ አጎቷ በሬዎች የጎረቤት ማሳ ገቡ። በሬዎቹን ከእሷ በቀር ማንም አላየም፤ ዱካውንም ዝናብ አጥፍቶታል። ሽማግሌዎቹ ሦስቱን ጠየቋት። በምዕራብ በኩል እንደገቡ፣ አራት ትልም እንደበሉ፣ እሷም ምንጭ ዳር እንደነበረች ተናገረች። አጎቷ በግምቱ መሠረት ማሽላ ሰፈረ፤ ለአንድ ክረምትም አላናገራትም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያው ጎረቤት የራሱን ማሳ እንድትጠብቅለት አባቷን ለመነ። ይህን ስትነግረኝ እንደ ጀብድ አላወራችውም። የማሳውን ስፋት ግን በትክክል ነገረችኝ።

ኳስ የጀመረችው በቁመቷ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን በረኛ አልነበረውም፤ መምህር ደሳለኝ በክፍሎቹ እየዞረ ረጅም ሴት ሲፈልግ አገኛት። ሜዳው ድንጋያማ ነበር፤ ከቋሚዎቹ አንዱ ባሕር ዛፍ፣ ሌላው የተተወ የስልክ እንጨት ነው። የመጀመሪያው ኳስ አለፋት። አዝመራ ኳሱን ለማንሳት አልሄደችም፤ ወደ መምህሩ ዞራ እጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ ቆመች።

«በግራ ነው የገባ። ከቋሚው አንድ ክንድ ወዲህ ነው። እኔ ኳሱን ሳይ የመቺዋን እግር አላየሁም።»

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። «ኧረ ቃሏን እየሰጠች ነው! ፖሊስ ጥሩላት!» አለች አንዷ። «ጌታዬ፣ እኔ አልገደልኩም በያቸው!» አለች ሌላዋ። መምህር ደሳለኝ ግን አልሳቀም። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገረኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲያሠለጥን ጎል የገባበት በረኛ ጥፋቱን በሌላ ላይ ሳያላክክ ሲናገር የሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ከበሩ አላወጣትም።

በሁለተኛው ዓመት የቀኝ እጇ ቀለበት ጣት ከመገጣጠሚያው ወልቆ ወደ ሆስፒታል አመጧት። ማደንዘዣ አልቆብን ነበር፤ እንደዚያው መለስኩት። አልጮኸችም፤ እጇን እየተመለከተች ነበር።

«ይህች ጣት ከሌሎቹ ቀድማ ለምን ወጣች?»

«ኳሱን በጣትሽ ጫፍ ስለተቀበልሽው ነው። በመዳፍሽ መሆን ነበረበት።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የጣቷ አይደለም» አለችኝ፤ ከዚያም የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ እንደሆነ ነገረችኝና እዚያ ሰዓት ላይ መድረስ እንዳለባት አስረዳችኝ። ከለከልኳት። ሄደች።

እኔ ለስፔሻሊቲ ወደ ውጭ ሀገር ሄድኩ፤ እሷ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወርዳ ለአንድ ክለብ ፈረመች። የስፖርት ሕክምና ተምሬ ስመለስ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ሐኪም ሆኜ ተሾምኩ፤ ልምምድ ቦታው በደረስኩበት የመጀመሪያ ቀን ከሩቁ ያየሁት ረጅም ሰው እሷ ነበረች። እየሮጠች መጣችና «አንቺ፣ ከስተሻል» አለችኝ። አብሮኝ የነበረው የቡድኑ መሪ ደነገጠ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ዓለም አቀፍ ሕይወቷ ናቸው። ከሐይቅ ዳር ከተሞች እስከ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ድረስ አብሬያት ተጉዣለሁ። የሆቴሉ መታጠቢያ ላይ ጓንቶቿን ራሷ ታጥባለች፤ መስኮት ላይ አስጥታቸው ታድራለች። በየትኛውም ሀገር ከጨዋታ በፊት አንድ ነገር ታደርጋለች፦ ከአንዱ ቋሚ ተነሥታ ተረከዟን ከጣቶቿ እያስነካች የግብ መስመሩን እስከ ሌላኛው ቋሚ ድረስ ትለካዋለች። ልኩ በዓለም ሁሉ አንድ መሆኑን ስነግራት፣ «ልኩ አንድ ነው፤ መሬቱ አንድ አይደለም» አለችኝ። ተከላካዮቹ ይቀልዱባታል።

«ባላገር! ጎሉን ልትገዢው ነው?»

«መሬቱ ሳይታይ ይጠበቃል?»

«ወሰን የገፋ ካለ ንገሪን፣ እንከሰዋለን።»

«አንቺ ነሽ የምትገፊው። ትናንት ሁለት ጊዜ በግራ አሳልፈሻል» ትላለች፤ ሳቃቸው በዚያው ያልቃል። በጨዋታ መካከል ስትቆጣ በኽምጣና ትጮኻለች። ተከላካዮቹ ቃሉን ባያውቁትም የትኛው ድምፅ «ወደኋላ»፣ የትኛው «ዝጊው» እንደሆነ ለይተው አውቀው ነበር። ታናናሾቹን በረኞችም ታስተምራለች፦ «ወንጭፍ የሚወረውር ሰው ድንጋዩ ከመውጣቱ በፊት ትከሻው ይናገራል። መቺም እንደዚያው ናት፤ የምትመታበትን ተይው፣ የቆመችበትን እግር እዪ።» አንድ የጠረፍ ከተማ ላይ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ካዳነች በኋላ የተቃራኒው ቡድን አሠልጣኝ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ የእጇን መዳፍ ገልብጦ አየና ተመለሰ። በሙያዬ ካየኋቸው ምርመራዎች ሁሉ ያን ያህል አክብሮት የነበረው አላየሁም።

የመጨረሻው ጨዋታዋ የደርሶ መልስ ማጣሪያ ሁለተኛ ግጥሚያ ነበር። የመጀመሪያውን በሜዳችን አንድ ለባዶ አሸንፈናል። ያለ ጎል ከተለያየን እናልፋለን፤ አንድ ከተቆጠረብን በመለያ ምት እንለያያለን። ካለፍን የሴቶቹ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዶቹ እኩል የሚባል በጀት እንደሚያገኝ ተነግሮን ነበር። ሁላችንም ይህን እያሰብን ነው የገባነው።

ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው የአንዲት አጥቂ ጉልበት የአዝመራን ትከሻ መትቶ ጣላት። ሮጬ ገባሁ። የጭንቅላት ጉዳት ሲጠረጠር የሚጠየቁ የታወቁ ጥያቄዎች አሉ፤ ጠየቅኋት።

«የት ሜዳ ላይ ነን?»

ነገረችኝ።

«ስንተኛው አጋማሽ ነው?»

«ሁለተኛው።»

«ባለፈው ጨዋታ ማን አገባ?»

«ዘጠኝ ቁጥራችን፣ በግንባሯ። አንቺም ነበርሽ እኮ፤ ጮኸሽ ነበር።»

«አልጮኽኩም።»

«ጮኸሻል።»

ዐይኗን፣ አንገቷን፣ ሚዛኗን መረመርኩ። በማስታወሻዬ ላይ «ጤናማ፤ ትቀጥል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ማስታወሻ ዛሬም እጄ ላይ አለ።

ከአራት ደቂቃ በኋላ የማዕዘን ምት ተመታ። ኳሱ የአግዳሚውን ሥር ገጭቶ ወደ መሬት ወረደ፤ ነጥሮም ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ አዝመራ በሰባት ሰው እግር መካከል ተወርውራ ያዘችው። ተቃራኒዎቻችን «ገብቷል» እያሉ ጮኹ። ዳኛዋ የመስመር ዳኛዋን አየች፤ የመስመር ዳኛዋ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ሰው ሸፍኖባት ነበር። በእኛ ደረጃ ውድድር ላይ ይህን የሚፈርድ ካሜራ አልነበረም። ያን ጊዜ ዳኛዋ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን አደረገች። አዝመራ አጠገብ ተንበርክካ መስመሩን በጣቷ እያሳየች ጠየቀቻት።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም ማለት በየትኛውም ሕግ አያስጠይቅም። አዝመራ ተነሣች፤ ኳሱን ከመስመሩ ጀርባ ያረፈበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው፤ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ዘርግታ በመስመሩና በኳሱ መካከል አንድ ስንዝር ለካች። ከዚያ እጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ ቆመች። ዳኛዋ ፊሽካዋን ነፋች።

«አብደሻል? ማን ጠየቀሽ?» ብላ ጮኸችባት አንዷ ተከላካይ።

«ዳኛዋ» አለች አዝመራ።

በመለያ ምቱ ሁለት አዳነች። ከእኛ ልጆች ሦስቱ ሳቱ። ቁጥሩን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ የሳቱትን ሦስት ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልጠየቃቸውምና።

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ ስንጠብቅ የቡድኑ መሪ አጠገቤ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

«ዶክተር፣ ያን ግጭት አስታወስሽው?»

«አስታውሳለሁ።»

«ልጅቱ ራሷን ስታ ነበር በይ። ራሷን የሳተች ሰው ቃሏ አይያዝባትም። አለዚያ ሀገር ሸጠች ብለው ይበሏታል።»

«ራሷን አልሳተችም።»

«እኔ የማወራው ስለ እውነት አይደለም፤ ስለ ልጅቱ ነው።»

ይህ ንግግር አሸነፈኝ። በዚያ ወር የሥራ ውሌ ሊታደስ እንደነበረም እጨምራለሁ፤ ቃል ከሰጠሁ ሙሉውን መስጠት ይኖርብኛል። ወደ አዲስ አበባ ስንበር ማስረጃውን ጻፍኩ። አዝመራ ከሁለት ወንበር በኋላ፣ በመስኮት በኩል ተኝታ ነበር።

ነገሩን እንዲመረምር ፌዴሬሽኑ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ በሳምንቱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ወረቀቴን ድምፁን ከፍ አድርጎ ካነበበ በኋላ አዝመራን አየ። ሊያስመልጣት የተዘጋጀ ሰው ፊት ነበረው።

«በወቅቱ ራስሽን አታውቂም ነበር ማለት ነው?»

«አውቅ ነበር።»

«ሐኪምሽ አታውቅም ነው የምትለው።»

ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም፤ የመጀመሪያው ኳስ ሲያልፋት መምህር ደሳለኝን ያየችው እንደዚያ ይመስለኛል። «ሜዳ ላይ ሦስት ነገር ጠይቃኛለች» አለች። «ሦስቱንም መልሻለሁ። እሷ ትጠየቅ።»

ተጠየቅሁ። «አንዳንድ የጭንቅላት ጉዳት ወዲያው በሚደረግ ምርመራ ላይታይ ይችላል» አልኩ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ ማንኛውም የሕክምና መጽሐፍ ያረጋግጠዋል። የተናገርኩት ግን ውሸት ነበር። እንዲህ ያለውን ለመናገር ብዙ መማር ያስፈልጋል።

ኮሚቴው ተደሰተ። ደብዳቤው አልከሰሳትም፤ «ሙሉ በሙሉ ማገገሟን የሚያረጋግጥ የሕክምና ማስረጃ እስክታቀርብ ድረስ» ከጨዋታ አሳረፋት እንጂ። ክለቧም ያንኑ ደብዳቤ ተከትሎ አሳረፋት። ሰዎች ሁሉ ቀላል ነገር አድርገው ቆጠሩት፤ አንድ ወረቀት ብቻ ይቀራል፣ እሱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጽፌ፣ ማኅተም አሳርፌ፣ ወደ ተከራየችበት ቤት ይዤላት ሄድኩ። ከታች የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው።

ወረቀቱን በጥሞና አነበበችው። ከዚያ በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

«ያልታመመ ሰው እንዴት ይድናል፣ ዶክተር? ድኛለሁ ካልኩ ታምሜ ነበር ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ስንዝሩን የለካ ማን ሊሆን ነው?»

«አዝመራ፣ ካልፈረምሽ አትጫወቺም። መቼም አትጫወቺም።»

«አውቃለሁ።» ወንበር አቀረበችልኝ። «እርስዎ ደክመዋል፤ ይቀመጡ» አለችኝ።

ቦኖው ላይ ከተገናኘንበት ቀን ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እርስዎ ብላኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ደግሞ አንቺ ብላኝ አታውቅም። ሌላ ነቀፌታ ከአፏ አልወጣም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ለበረኛ ገና ማለዳ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ብሔራዊ መለያ የለበሰችው ያን ስንዝር የለካች ዕለት ሆኖ ቀረ። የጎዳት እውነት መናገሯ ነው የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። እውነቱን ተናግራ አንድ ዓመት ብትቀጣ ኖሮ ዓመቱ አልፎ ትመለስ ነበር። መመለሻ ያሳጣት እሷን ለማዳን የጻፍኩት ወረቀት ነው።

ወደ ሰቆጣ ተመለሰች። ልጃገረዶች ታሠለጥን ነበር፤ ክፉው የጦርነት ዘመን መጥቶ ሲያልፍም እዚያው ነበረች። ለእናቴ ሙት ዓመት ወደ ከተማው በሄድኩበት ጊዜ መምህር ደሳለኝ «ሳትጠራ የማትሄደዋን አዝመራን ሰው ለምን እንደሚጠራት ላሳይሽ» ብሎ ሰቆጣ ዙሪያ ወዳለ አንድ ቀበሌ ወሰደኝ። ከብት የገባበት የባቄላ ማሳ ዳር ሦስት ገማች ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ አራተኛዋ አዝመራ ናት። በዚያ አካባቢ ሴት ስትገምት ያየ ሰው አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ አንዱን እንዴት እንደተቀበሏት ብጠይቀው፣ «በራሷ ላይ የመሰከረችውን ሰምተናልና» አለኝ፤ ነገሩ ማብራሪያ የሚፈልግ አልመሰለውም።

ጠባቂዋ ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነበረች፤ ታለቅሳለች። አዝመራ ቁጢጥ ብላ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«የት ነበርሽ?»

«ጨዋታ ላይ።»

«ምን ጨዋታ?»

«ኳስ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አዝመራ አልሳቀችም። «ማን አሸነፈ?» አለቻት።

«እኛ» አለች ልጅቱ፤ ልቅሶዋም በዚያው ቆመ። ሽማግሌዎቹ ቃሏን ተቀብለው ወደ ግምቱ ገቡ።

ስንመለስ ከኋላቸው ቀርቼ አዝመራን አነጋገርኳት። ማስረጃውን እሰርዘዋለሁ አልኳት። «እርስዎ በፈለጉ ጊዜ» አለችኝ፤ ስለ እናቴ ሙት ዓመት ዝግጅትም ጠየቀችኝ። ፈልጌ ነበር። አላደረግሁትም። ምክንያቴን በሚያምር አማርኛ መደርደር እችላለሁ፤ በአጭሩ ግን የሙያ ፈቃዴን ፈራሁ። ስድስት ዓመት ፈራሁ። ከዚያ ሬዲዮው ተናገረ።

ለፌዴሬሽኑ መዝገብ ክፍል ስጽፍ የመለሱልኝ መዝገቡ የሚታረመው በባለጉዳይዋ ወይም በሟች ቤተሰብ አመልካችነት እንደሆነ ነው። ቅጹን ላኩልኝ። ከአርባዋ በኋላ መምህር ደሳለኝን አስከትዬ ወደ አበርገሌ፣ ወደ እናቷ ወደ እማማ ለተብርሃን ወረድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ማሽላ ያበጥሩ ነበር። ማን እንደሆንኩ መምህር ደሳለኝ ነገራቸው። ቅጹን ዘረጋሁ።

«እማማ፣ ጣትዎን እዚህ ላይ ቢያሳርፉልኝ ወረቀቱ ይታረማል።»

«ምን ይላል?»

«አዝመራ አልታመመችም ነበር ይላል።»

«አልታመመችም ነበራ።»

«አዎ። ግን ታማ ነበር የሚል ሌላ ወረቀት አለ።»

«ማን ነው ያለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩ።»

ሰፌዱን አቆሙት። ትንሽ አዩኝ፤ ከዚያ ገለባውን እፍ አሉት።

«አንቺ የዘራሽውን እኔ በምን ጣቴ ልንቀለው?»

«ሕጉ ከቤተሰብ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ልጄ ሐቀኛ ናት ብዬ ላመልክት? ለማን? እዚህ የማያውቅ የለ። እዚያ ያለውን እኔ አላውቀው።» ድምፃቸው አልጨመረም። «ምስክር የሚቆምለት የተጠረጠረ ነው፣ ልጄ። አዝመራን ማን ጠረጠራት? አንቺ ነሽ የተጠረጠርሽ። ለራስሽ አመልክች።»

መምህር ደሳለኝ ሊያግባባ «እማማ፣ ዶክተር ከሩቅ ነው የመጣችው» አላቸው።

«ከሩቅማ ነው የመጣች» አሉ። «ምሳ ትበላለች።»

ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሞላሁት። ለሟች ቤተሰብ የተተወውን ቦታ ባዶ ተውኩት። «አመልካች» በሚለው ፊት ስሜን፣ «አመልካች ከጉዳዩ ጋር ያላት ግንኙነት» በሚለው ፊት ደግሞ «ሐሰተኛውን ማስረጃ የሰጠች ሐኪም» ብዬ ጻፍኩ። መምህር ደሳለኝ በትከሻዬ በኩል አነበበው።

«ዶክተር፣ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል እኮ!»

«ምንድን ነው የሚነጥቋት?» አሉ እማማ ለተብርሃን።

«የሐኪምነት ፈቃዷን። ሥራዋን።»

«የኔም ልጅ ተነጥቃ ኖራለች» አሉና ማሽላቸውን ማበጠር ቀጠሉ።

ፈረምኩ።